«ፈላጊ የለውም» የሚባለው መድኃኒት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአእምሮ ሕክምና ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሐኪም እጥረት ነው። አገሮች ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት 2 በመቶ ገደማ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት በተደጋጋሚ ጽፏል። በወሎ ጤና ጣቢያዎች ግን ይህችው ትንሽ ገንዘብ ፋርማሲ ውስጥ በሚሞላ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ምክንያት ትባክናለች።

ፌኖባርቢታልን እንይ። ከአእምሮ ሕክምና ጋር አብሮ የሚታየው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ነው። 20 ታካሚዎች በቀን ሁለት ሁለት ፍሬ ቢወስዱ በሁለት ወር 2,400 ፍሬ ይወጣል። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ሲጠይቅ ይህን ለመጠባበቂያ ጭምር በ2 አባዝቶ፣ ከ4,800 ላይ በእጁ ያለውን ይቀንሳል። መድኃኒቱ አንድ ወር ጠፍቶ ከነበረስ? ወጪው 1,200 ሆኖ ይታያል፤ ጥያቄውም ወደ 2,400 ይወርዳል። መጠባበቂያ የለም ማለት ነው፤ መኪና ትንሽ ከዘገየ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ነው። በሦስተኛው ዙር ታካሚው ራሱ ይቀራል፤ ወረቀቱም «ፈላጊ የለውም» ይላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መዝገቡ የተዘረፈበት ጤና ጣቢያማ ከዜሮ ነው የጀመረው።

የቀረው ሰው የጤና መድን መታወቂያው በእጁ ነው። መታወቂያው ግን መደርደሪያ ላይ የሌለ ክኒን አያወጣም። ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒቱን ፍለጋ ከደላንታ ወረዳ ደሴ ድረስ ብቻውን አይላክም፤ ስለዚህ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ ማደሪያ፣ ምግብ። አጨዳ ላይ ከሆነ ሁለት ጉልበት ከማሳው ይጎድላል። የሳንቲም ክኒን በግ ያሸጣል። ያቋርጣል እንግዲህ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ብሶበት ያለ ፋታ ሊጥል ይችላል፤ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው የቃጠሎ ሕክምና ስንት እንደሚፈጅ ቤተሰቡ ያውቀዋል። (ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ክኒኑን አቁም እስካልተባለ ድረስ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።)

ማረሚያው የአንድ መስመር ሒሳብ ነው። የወጣውን ፍሬ መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት አካፍሎ በ60 ማባዛት፦ 1,200 ለ30፣ ሲባዛ በ60፣ 2,400። ባዶ የነበሩት ቀናት በቢን ካርዱ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ካልተጻፉ ግን ይህም አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ነው። ወረዳውም ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ከታካሚዎች መዝገብ ጋር ያስተያየው፦ መዝገቡ 20 ሰው ካለና ጥያቄው ለ10 ሰው ከሆነ ይመልሰው። የቀሩትን ስም ዝርዝር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትያዝ፤ የማን ቤት የት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

በደቡብ ወሎ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች