ያላገባችዋ ተማሪ የት ገባች?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጎጃም ስላለው የልጃገረዶች እርግዝና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብሁት። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችንም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ፦ «ችግሩ ያለዕድሜያቸው በተዳሩት ላይ እንጂ ባላገቡት ዘንድ እምብዛም አይታይም» ትላለች። ጋዜጠኛው ይህን ከማን ሰማ? ከባለሥልጣን ቢሮ። በዘገባው የተናገሩት ሁሉ ባለወንበር ናቸው። አንዲት ተማሪ፣ አንዲት እናት፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቃል አልሰጠችበትም።

ያለዕድሜ ጋብቻ የለም አልልም። የጥር ሠርግ ባለፈ ቁጥር ወንበራቸው ባዶ የሚቀር ተማሪዎች አሉኝ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ካለ ሃያ ዓመት አልፎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ያለችውን ያገባ እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ድግሱ ግን «ዝክር ነው» እየተባለ ይደገሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከርም፣ «እቤት ከምትቀመጥ» የሚል አባት በዝቷል። ይህን መጻፋችሁ ተገቢ ነው። ቅሬታዬ ሌላዋን ልጅ ከነጭራሹ ስለሰረዛችኋት ነው።

ሌላዋ ልጅ ይህች ናት። በገጠር ቀበሌዋ ስምንተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ሁለተኛ ደረጃው ያለው በወረዳው ከተማ ነውና ክፍል ተከራይታ ትገባለች። ለሁለት ለሦስት ሆነው በአንዲት ጭቃ ቤት ያድራሉ። ሽሮውና በሶው ቅዳሜ ገበያ በሚወጣ ዘመድ ይላክላታል። አባት የለ፣ እናት የለ፣ ታላቅ ወንድም የለ፤ የበሩም ቁልፍ የረባ አይደለም። አከራዩ አለ፣ የአከራዩ ልጅ አለ፣ ባጃጅ ነጂው አለ፣ ከጎን ክፍል የሚኖረው ተማሪ አለ። ስንቁ በዘገየ ሳምንት ብር የሚያበድራት አይጠፋም፤ ብድሩን በምን እንደሚያስከፍላት ግን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዷ ወድዳ ነው፣ አንዳንዷ ተገድዳ ነው፣ ብዙዎቹ በሁለቱ መካከል ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ ግብረ ሥጋ የሚፈጽም ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ማን ይክሰስ? ቤተሰቧ እንዳይሰማባት የምትፈራ ልጅ ናት ፖሊስ ጣቢያ የምትሄደው?

የእህቴ ልጅ እንዲህ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ሳለች ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄዳ ስለ እርግዝና መከላከያ መርፌው ጠየቀች። መጀመሪያ የተመለሰላት «ባል አለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ያውም ሰው በተሰለፈበት። ከተሰለፉት አንዷ የቀበሌያቸው ሴት ነበረች። ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጣች፤ ዳግመኛም ወደዚያ አልሄደችም። በዚያው ዓመት አረገዘች። እህቴ እንደ ሞተችባት አለቀሰች። አባቷ ለወራት ስሟን አልጠራም። ያስረገዛት ተማሪ ግን መልቀቂያውን አውጥቶ ሌላ ወረዳ ሄዶ ተመዘገበ፤ ፈተናውንም በሰላም ተፈተነ። እንግዲህ «እምብዛም አይታይም» የተባለው ለእሷ ነው። አዎ፣ አይታይም! እንዳትታይ ያደረጋት ሰው ሞልቷልና።

ባለሥልጣኑ «መዝገቡ እንደሚያሳየው» ማለታቸውን ጽፋችኋል። መዝገብ የሚያሳየው በበሩ የገባችውን ነው። ያላገባች ልጅ በቀበሌዋ ጤና ኬላ አትገባም፤ ባለሙያዋ የእናቷ ቡና አጣጭ ናትና። በገበያ ቀን ከማያውቃት ፋርማሲ ፖስትፒል የሚባለውን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ኪኒን ገዝታ በደብተሯ መካከል ትደብቃለች። ኪኒኑ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በተቻለ ፍጥነት ሲወሰድ እንደሚሻል፣ ለድንገተኛ እንጂ ለዘወትር እንዳልሆነ የሚነግራት የለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷን ግን እንድትሸሽግ ያስገደድናት እኛ ነን።

«ዋናው የአቅርቦት እጥረት ነው» ማለታችሁም አላሳመነኝም። ግጭቱ መድኃኒት እንዳይደርስ ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች ግማሽ የሚጠጉት ዘመናዊ መከላከያ እንደሚጠቀሙ አሳይቶ ነበር። መርፌው ነበረ፣ በክንድ የሚቀበረው ነበረ፣ በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕም ነበረ። ያላገባችዋ ያን ጊዜም በዚያ በር አልገባችም። ከዚሁ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት የክልሉ ልጃገረዶች ከመቶ ስምንቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል የሚለውን ጠቅሳችሁ፣ ከአገሪቱ አማካይ (ከመቶ 13) ስላነሰ ልታጽናኑን ሞክራችኋል። እኔ ስምንቱን በስም መጥራት እችላለሁ።

ስለ ሥነ ተዋልዶ ትምህርቱ ያላችሁት ሁለት መስመር ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ይህን እቤታችሁ አንብቡት» ብሎ የሚያልፍ መምህር ስንት እንዳለ አውቃለሁ። በሴት ተማሪዎች ክበባችን ስም ሳይጻፍበት ጥያቄ በወረቀት እሰበስባለሁ። «መርፌ ያመክናል ወይ?» «አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነም ይረገዛል?» «ወዲያው ከታጠብሁስ?» ይህን የሚጠይቁት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ቀንም ይረገዛል። መታጠብ አያድንም። መርፌ አያመክንም፤ ከተቋረጠ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል እንጂ። በክንድ የሚቀበረው ከወጣ ደግሞ ቶሎ ይመለሳል። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ከእነዚህ ሁሉ ኮንዶም ብቻ ነው። ይህን ለመናገር የክፍል ጊዜ ሩቡ አይፈጅም፤ ሳይነገራቸው ግን ዓመቱ ያልቃል። በመደፈር ያረገዘች፣ ወይም በዕድሜዋ ለጋነት በአካልም በአእምሮም ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰች ፅንሱን በጤና ተቋም ማቋረጥ እንድትችል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እንደሚፈቅድስ ከአንባቢዎቻችሁ ስንቱ ያውቃል? ይህን ባለማወቅ በሥርና በቅጠል ራሷን የምትጎዳ ልጅ አለች።

ከሁሉ ያበሳጨኝ «ባህላችን ይህን ማውራት አይፈቅድም» የሚለውን ሳትጠይቁ ማተማችሁ ነው። የማን ባህል? በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ነበር። ልጃገረዶች በቡድን እየተገናኙ ፊደልም ቆጠሩ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶም ተማሩ። ለትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፤ ሁለቱን ዓመት ሳያገቡ ለጨረሱት ለቤተሰባቸው ፍየል ተሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻ እጅጉን ቀነሰ፤ ስለ መከላከያ ያላቸው ዕውቀትም አደገ። ይህን የተቀበሉት የጎጃም ገበሬዎች ናቸው፤ ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ። ባህሉን ሰበብ ያደረገው ቢሮ የተቀመጠው ነው።

የምጠይቃችሁ ማረሚያ ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አንሡ። ከዚያ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ባለፈው ዓመት ከ18 ዓመት በታች ሆና ያላገባች ስንት ልጅ መከላከያ ጠይቃ እንዳገኘች ጠይቁልን። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ ስንት ሴት ተማሪ በእርግዝና እንዳቋረጠች፣ ከወለዱት ስንቶቹ እንደተመለሱ፣ ያስረገዟቸው ወንዶችስ የት እንደሚማሩ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው «መልስ የላቸውም» ብላችሁ አትሙ። ጋዜጠኛው ተመልሶ ከመጣ ኪራይ ቤቶቹ ያሉበትን ሰፈር እኔ አሳየዋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ ያነጋግር። ባለፈው እንዳወጣችሁት ያለ ፎቶ ግን አይነሣ። ፊታቸውን ብታደበዝዙትም ዩኒፎርማቸው ትምህርት ቤታቸውን ይናገራል።

የባዮሎጂ መምህርት፣ ከምሥራቅ ጎጃም