ማሲንቆ አውታሩ አንድ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በልብ ወለዶቻችን ገጠሩ እንደ ግድግዳ ሥዕል ከጀርባ ተሰቅሎ ሲቀር ያሳዝናል። መልክዓ ምድርና ዜማ ለደራሲ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የታሪኩን ጊዜ የሚቆጥሩለት እነሱ ናቸው።

ከሐዋሳ ወደ ሲዳማ ደጋ ሲወጣ ብዙ ደራሲ የሰሜኑን የጤፍ አውድማ እንዳለ አምጥቶ እንሰት መሃል ያስቀምጠዋል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። እዚያ የሚሰማው የመፋቂያው ምትና የሴቶቹ ጨዋታ ነው እንጂ በሬ እያበራየ የሚዘፍን ጎልማሳ አይደለም። ቡናም በለቀማው ወራት በጥቅምት አያብብም። ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነጭ አበባው ይፈነዳል፣ በጥቂት ቀናትም ይረግፋል። ሁለት ፍቅረኞችን በአበባው ሥር ማገናኘት የሚፈልግ ደራሲ ያለችው ያቺ ጥቂት ቀን ብቻ ናት። እንዴት ያለ ሸጋ ገደብ ነው!

በሙዚቃም «የማሲንቆው አውታሮች ተንቀጠቀጡ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ያምጻል፤ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ነው ያለው። ክራር 5 ወይም 6፣ በገና 10 አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶችም እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ ነው ያላቸው፤ የሚለያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከሁሉ በላይ አዝማሪው ስንኙን ጥሎ ዝም ሲል ይደመጥ። ማሲንቆው ብቻውን ሲያለቅስ ሰሚው ወርቁን ይፈልጋል። በምልልስም ከባድ ቃል ከተነገረ በኋላ መልሱን ማዘግየት፣ መሃሉ ላይ ስለ ሐይቁ ወይም ስለ ጭሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ይበቃል። ሁለት ከሆነ ግን ውጥረቱ ይላላል።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ