ኮሪያን ያሳደጋት ዱላው አይደለም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ደቡብ ኮሪያ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጸሐፊው የተማሪዎቹን ውጤት ምክንያት ሲዘረዝር የመምህሩን ዱላም ጨምሮበታል። እኔ ያ ዱላ ሲያርፍ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

እስከ አምስተኛ ክፍል አዲስ አበባ ተምሬ አሜሪካ ያደግሁ ሰው ነኝ። ኮሪያ ውስጥ ለመቀጠር የበቃሁትም በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ዱላው ከመታገዱ በፊት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ልጆች ኮሪደር ላይ ተንበርክከው እጃቸውን ሰቅለው ሳይ አልገረመኝም። የእኛን ዩኒት ሊደር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። የከበደኝ ሌላ ነው።

የውጭ አገር መምህር ክፍል የሚገባው ከኮሪያዊ መምህር ጋር ነው። ልጅ ሲያወራ ወይም ሲያሾፍብኝ ባልደረባዬ ወደ መምህራን ቢሮ ይወስደውና መዳፉን ወይም ባቱን ይገርፈዋል። ይህን የሚያደርገው ለእኔ ክብር ብሎ ነው! ልጁ ተመልሶ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቀኛል። አንድ ቃል ቅሬታ ከተናገርኩ የሚመታ ልጅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉ ቢታመስም ዝም እል ጀመር። ልጆቹም ነቁ፤ በእኔ ክፍለ ጊዜ እንደፈለጉ ሆኑ። «አትምታው» እንዳልል ደግሞ ሰውዬው ታላቄ ነው። ታላቅን በሰው ፊት መቃወም እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የሴኡል ትምህርት ቢሮ በኃላፊው በክዋክ ኖህዮን ጊዜ ዱላን ከለከለ። ጎረቤቱ የግዮንጊ ክፍለ ሀገርም በዚያው ሰሞን የተማሪዎች መብት ደንብ አወጣ። ትልቁ የመምህራን ማኅበር ተቃወመ፤ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋርም ንትርክ ነበር። በ2011 ግን በእጅም ሆነ በዕቃ መምታት በአገር ደረጃ ታገደ። በ2021 ደግሞ ወላጅ ልጁን እንዲቀጣ ይፈቅድ የነበረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ ተሰረዘ።

ታዲያ ውጤቱ ወደቀ? የ15 ዓመት ልጆችን የሚመዝነው ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። ኮሪያ በሒሳብ በ2009 ያመጣችው 546 በ2012 ወደ 554 ወጣ። ኋላ ላይ ወደ 520ዎቹ ወርዷል፤ በ2022 527 ነበር። ያም ሆኖ በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ለመውጣቱም ለመውረዱም ዱላን ምክንያት የሚያደርግ ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

እኔ ያየሁት ምክንያት ሌላ ነው። መምህሩ ከባድ የቅጥር ፈተና አልፎ የገባ ነው፤ ሥራው እስከ ጡረታ የተረጋገጠ፣ የተከበረ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሀግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ይሄዳል። የሴኡል ማስጠኛዎች ከምሽቱ አራት ሰዓት እንዲዘጉ በደንብ መገደድ ነበረባቸው፤ ነገሩ እዚያ ደርሷል። ይህም የሚቀና ኑሮ ነው አልልም።

ክልከላው ጣጣ አላመጣም አልልም። በ2023 አንዲት ወጣት መምህርት ሴኡል ውስጥ ራሷን ካጠፋች በኋላ መምህራን በብዛት አደባባይ ወጡ። የወላጅ ክስና ማስፈራሪያ አንገሽግሿቸው ነበር። ፓርላማውም በዚያው ዓመት መስከረም መምህራንን የሚጠብቁ ሕጎች አጸደቀ። ዱላው ግን አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ያደርጋል። በወረቀት እኛ እንቀድማቸዋለን። ጸሐፊያችሁ ያንን አንቀጽ አይቶ፣ ስለ ኮሪያው መምህር ደግሞ አመራረጡንና ደመወዙን ጨምሮ ሁለተኛ ክፍል ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ