ድብልቁን ከሐኪም አትደብቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ተጣምረው የካንሰር ሴልን የበለጠ ይገድላሉ የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ስላለ ሴል እንደሆነ የተናገራችሁት መጨረሻ ላይ፣ ያውም በአንዲት መስመር ነው። እዚያ ድረስ የሚያነብ ደግሞ ጥቂት ነው።

እኔ እዚህ ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ጽሑፉ በወጣ ሰሞን ከዘጌ የመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። እህታቸው ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ናቸው። ከቅዳሜ ገበያ እርድና ቁንዶ በርበሬ ገዝተው፣ በማር በጥብጠው፣ በሃይላንድ ሞልተው ይዘዋል። «ለሐኪሙ ነግረዋል ወይ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ይቆጡናል!»

እርድና ቁንዶ በርበሬ መጣመራቸው ባዶ ወሬ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ፒፐሪን የሚባለው የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚን የሚባለውን የእርድ ንጥረ ነገር በሰዎች ደም ውስጥ 20 እጥፍ ያህል ጨምሮታል። ምክንያቱ አንጀትና ጉበት ባዕድ ነገርን ሰባብረው የሚያስወግዱበትን ሥራ ስለሚያዘገየው ነው። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ፓክሊታክሴልን ጨምሮ በርካታ የኪሞ መድኃኒቶችን ሰውነት የሚያስወግደው በዚያው መንገድ ነው። መንገዱ ከተዘጋ፣ ሐኪሙ አስልቶ የሰጠው መጠን ደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊቆይ ይችላል። ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። ሐኪሙም በሽተኛዋን ምን እንደነካት ግራ ይገባዋል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ግን ጉበት የለውም። እዚያ ላይ በረኪናም ካንሰር ይገድላል።

ዕፅዋትን እየናቅኩ አይደለም። ፓክሊታክሴል ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው የኪሞ መድኃኒት ደግሞ ከማዳጋስካር አበባ። ማጣመርም ቢሆን የቆየ ጥበብ ነው፤ ግን በዘፈቀደ አይደለም። ቪንክሪስቲን በዋናነት የሚጎዳው ነርቭን እንጂ መቅኔን ብዙም አይነካም። ስለዚህ መቅኔን ከሚጎዱት ጋር ይሰጣል፤ ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይደራረብ።

የእኛንም አገር ጉድ ልንገራችሁ። ሜይታንሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በ1972 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ፣ የአጣጥ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ነው። ሳህን ላይ ጉድ አሰኘ። በበሽተኛ ላይ ሲሞከር ግን መርዝነቱ በዛ፣ ተተወ። ዘመዱ የሆነ ውህድ፣ አንድን የጡት ካንሰር ዓይነት ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚጣበቅ ፕሮቲን) ጋር ታስሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። 40 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! ይሄ ታሪክ ለብቻው አንድ ገጽ አይበዛበትም ነበር።

እናም ልመናዬ፦ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ በሳህን፣ በአይጥ ወይስ በሰው ላይ መሆኑን ርዕሱ ላይ አድርጉት። ለሐኪሞቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በእናታችሁ፣ አትቆጡ። ቁጣችሁ ሃይላንዱን አያስደፋም፣ ያስደብቃል እንጂ። «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ይዛው እንድትመጣም ንገሯት።

በሚቀጥለው እትም ደግሞ አንድ የካንሰር ሐኪምና አንድ የመድኃኒት ባለሙያ አነጋግራችሁ፣ የትኛው ቅመም ከየትኛው ኪሞ ጋር እንደማይሄድ ብታወጡልን። ቦታ ከጠበባችሁ የእንግሊዝ ኳሱን ገጽ ቀንሱለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር