የዳሽቦርዱ ቁጥርና የማደያው ሊትር ለምን አይገጥሙም?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ከአሽከርካሪዎች የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ መኪናዬ በሊትር ይህን ያህል ትሄዳለች፣ የቀዳሁት ግን ያን ያህል አላስኬደኝም፣ ስለዚህ ማደያው አጉድሎብኛል የሚል። ልክ የሚያጎድል ማደያ የለም አልልም። ነገር ግን ለክሱ የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ ስለዚህ ቁጥር ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

ብዙዎቻችን መኪናው የሚያቃጥለውን ነዳጅ ለክቶ የሚያሳየን ይመስለናል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለም። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያውቀው ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ለምን ያህል ጊዜ እንደከፈተ ሲሆን፣ ደህና ኢንጀክተር በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊረጭ የሚገባውን ነዳጅ ገምቶ፣ ተጉዣለሁ ብሎ የቆጠረውን ርቀት ለዚያ ግምት ያካፍላል። ኢንጀክተሩ አርጅቶ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ነዳጅ ይሄዳል። ርቀቱም ቢሆን የሚሰላው ከጎማው ዙር ነው፤ ጎማው ካለቀ፣ ወይም ከፋብሪካው ልክ ባነሰ ጎማ ከተተካ፣ መኪናው ከሄደው በላይ ይቆጥራል፤ ዳሽቦርዱም ያልተገባ ሙገሳ ያሳያል።

እኔ የምነዳት ከጃፓን ያገለገለች ሆና የገባች አነስተኛ መኪና ናት። ዳሽቦርዷ በሊትር 14.6 ኪሎ ሜትር ባለችበት ጊዜ፣ ታንከሩን ሞልቼ 420 ኪሎ ሜትር ከተጓዝኩ በኋላ መልሼ ለመሙላት የገባው ቤንዚን 32 ሊትር ነበር፤ ሲካፈል 13.1 ይመጣል። ልዩነቱ 11 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ማደያ ስቀይርም ልዩነቱ ከዚያው አካባቢ አይርቅም፤ ማደያውን ከመክሰስ በፊት መታየት ያለበትም ይኸው ነው። ስሕተቱ የመኪናው ከሆነ በሄድንበት ማደያ ሁሉ ይከተለናል። በአንድ ማደያ ብቻ፣ ያውም ደጋግሞ ሲሰፋ ከታየ ግን ወደ ንግድ ቢሮ የሚያስኬድ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን አይናቅም። ሁለቱንም ጊዜ ኖዝሉ (የማደያው መቅጃ አፍ) ራሱ ቀጥ ሲል ማቆም ያስፈልጋል፤ ቀጂው ሒሳቡን ለማጠጋጋት ጨመር ሊያደርግ ሲል መከልከል ነው (ቅር ቢለውም)። አንድ ታንከር ብቻ ቀድቶ መፍረድ ስለማይገባ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። ሊትሩን ከማሽኑ ላይ ጽፎ ያልያዘ ሰው፣ ክፍያው በስልክ በመሆኑ፣ የከፈለውን ብር በዕለቱ የሊትር ዋጋ አካፍሎ ሊያገኘው ይችላል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከነክነኝ በመኪና ሽያጭ ላይ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ገበያው በአብዛኛው እዚሁ ያሉትን አሮጌዎቹን እያገላበጠ ነው፤ ደላላውም የዳሽቦርዱን ፎቶ እንደ ምስክር ወረቀት ያቀርባል። ይህ አማካይ ቁጥር ግን የሚቆጥረው መጨረሻ ዜሮ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ዜሮ አድርጎ ወደ አዳማ የወረደ ሰው፣ አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ቁልቁለቱ የሰጠውን ውጤት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ገዢው ግን መኪናዋን የሚነዳት ሞተር ሳይጠፋ መንገድ ተዘጋግቶ በሚቆምበት በመገናኛና በሜክሲኮ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚመዘገቡ አዳዲስ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ፍጆታቸውን ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደንግጓል፤ መዝገቡም ከእውነተኛው ፍጆታ ከ5 በመቶ በላይ እንዲርቅ አይፈቀድም። እኛ ዘንድ የሚሸጡት አብዛኞቹ መኪኖች ከዚያ ደንብ በፊት የተሠሩ ወይም ለሌላ ገበያ የተሠሩ ናቸው።

ስለዚህ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የምታወጡ መገናኛ ብዙኃን፣ «በሊትር ይህን ያህል ትሄዳለች» የሚል ሻጭ ቁጥሩን ከዳሽቦርድ ያነበበው ይሁን ታንከር ሞልቶ ያሰላው፣ በከተማ ይሁን በረጅም መንገድ፣ አብሮ እንዲገልጽ ብትጠይቁት እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አሽከርካሪ፣ ከአዲስ አበባ