ማራዲ ለምትሄጂው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ልታክሚ ኒጀር የምትደርሺው በሰኔ ነው ሲሉኝ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት። ከሰኔ እስከ መስከረም በደቡብ ኒጀር ባለችው ማራዲ ክፉ ወቅት ነው። ያምናው እህል ከጎተራ ያልቃል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ ዝናቡ ደግሞ ወባን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ትኩሳት ያለው የተጎዳ ልጅ ሁሉ የወባ ምርመራ ሳይደረግለት እንዳይሄድ።

የክንድ ዙሪያ ስትለኪ አትቸኩይ። ግራ ክንድ፣ ከትከሻ ጫፍና ከክርን ጫፍ እኩል መሃሉ ላይ፣ ክንዱ ዘና ብሎ እንደተንጠለጠለ። መለኪያውን ብታጠብቂው ጤነኛው በሽተኛ ይሆናል፤ ብታላዪው በሽተኛው ያመልጥሻል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከዚያ እግሩን እዪ። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣትሽ ለ3 ሰከንድ ተጫኚ፤ ስትለቂ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት ነው። እናትየው «ወፈረልኝ» ብላ ደስ ያላት ልጅ፣ ክንዱም በመለኪያው አረንጓዴ፣ ማለትም ጤነኛ በሚለው ቀለም ላይ የሚያርፍ ልጅ፣ አንዳንዴ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። የምግብ እጥረትን የአገሩ ሰዎች ሐውሳዎች «ታሞዋ» ይሉታል፤ ቃሉን ያዢው።

ፕላምፒ ነቱን፣ ያንን በፓኬት የሚመጣ የኦቾሎኒ ልውስ የሕክምና ምግብ፣ መጀመሪያ ፊትሽ ይቅመሰው። እናትየው እጇን ታጥባ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጣ፣ ንጹሕ ውሃ አጠገቧ አድርጋ። አፉን ይዞ ማጉረስ የለም። እምቢ ካለ ወይም ከባድ ሕመም ካለበት ሆስፒታል ይተኛ፤ እዚያ ኤፍ-75 የሚባለው የሕክምና ወተት በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ግሉኮስ ለማንጠልጠል የሚቸኩል ባለሙያ ካየሽ ተከላከዪ፤ የተዳከመ ልብ ያን ሁሉ ፈሳሽ አይችልም።

ከበላልሽ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። በየሳምንቱ እያመላለሱ ማከም ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ የኛው ኢትዮጵያ ናት፤ ኒጀር ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2005 ረሃብ ከ60,000 በላይ ሕፃናት የታከሙት ይህንኑ መንገድ ተመርኩዞ ነው። አንዱ የፕላምፒ ነት ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ ነው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን 2፣ በሳምንት 14። ካርቶኑ 150 ይይዛል፤ ለአሥር ልጆች ሳምንት ብቻ ማለት ነው። መንገዱ በጎርፍ ሳይቆረጥ አስቀድማችሁ አስገቡ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሎ ካልጨመረ ፓኬቱ ለወንድምና ለእህት ተከፋፍሏል ብለሽ ጠርጥሪ፤ ወባና ተቅማጥም ፈትሺ። እናትየዋን ግን አትቆጪ። አንዱን አብልቶ ሌላውን በረሃብ ማስተኛት የማንም እናት አንጀት አይችለውም። ለቤተሰቡ እህልና ዘይት የማይሰጥ ዕርዳታ ፓኬቱን ራሱ ያስበላዋል፤ ይህን ለአለቆችሽ ደጋግመሽ ንገሪ።

ኒጀር ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው። እናቶቹን የሚያስቀራቸው መንገዱና የአረም ሥራው ነው። የመመላለሻውን ቀን ከገበያው ቀን ጋር አገናኙት፤ ከሩቅ ለምትመጣዋ የሁለት ሳምንት ፓኬት ስጧት።

እናትሽ