ሐኪሟም ሰማችው

ውዴ፣

ይህን ያህል ጠፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ፈልጌ ነው። ይቅርታውን ስንገናኝ እጠይቅሻለሁ፤ ስድብሽንም ለያኔ አቆዪልኝ።

ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ አለ። ዝም ብሎ ጭው የሚል ዓይነት አይደለም፤ ሹው... ሹው... እያለ ይመታል። አንድ ሌሊት የእጄን ትርታ ይዤ ሳዳምጠው ከልቤ ምት ጋር እኩል ነው። ደረጃ ስወጣ ይፈጥናል። ከጆሮዬ በታች አንገቴን በስሱ ስጫነው ጸጥ ይላል፣ ስለቀው ይመለሳል። ስብሰባ ላይ አንገቴን ይዤ የምቀመጠው ለዚህ ነው፤ አትሳቂ!

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ጭንቀት ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሸኘኝ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። የአሁኗ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ግን ገና ሳልጨርስ «ከልብ ምትሽ ጋር ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ማዳመጫዋን ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አድርጋ ትንፋሼን አስያዘችኝ። ቆየች ቆየችና «እሰማዋለሁ» አለች። አለቀስኩ እኮ! ሰው «አለብሽ» ሲባል ደስ ይለዋል?

ደስታው ቤት እስክገባ እንኳ አልቆየም። እሷም ከሰማችው የምር የሆነ ነገር አለ ማለት ነዋ። ደም ማነስ ወይም ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፤ ከአንጎል የሚወርደው ደም መልስ ጠቦም ሊሆን ይችላል፤ ወይ ደግሞ ደም ቅዳና ደም መልስ ያለ ቦታቸው ተገናኝተው። ይሄኛው አንዳንዴ ሊደማ ይችላል ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ እሱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። አንገቴን ስጫነው ድምፁ መጥፋቱ ከደም መልስ በኩል ለመሆኑ ፍንጭ ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም አለች። የደም ምርመራው ደህና ነው። የጆሮ ሐኪም ወደ ዓይን ሐኪም ስትልከኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለካ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር የዓይን ነርቭ ያብጣል። የኔ አላበጠም፣ ተመስገን። ድንገት ዓይኔ ቢጨልም ወይም ከባድ ራስ ምታት ቢመጣብኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድሮጥ አስጠንቅቃኛለች።

የቀረው ኤምአርአይ ነው፣ በትልቅ ማግኔት የሚሠራው ምርመራ፣ የደም ስሮቹን ለይቶ የሚያሳየው። እና... እንዴት ልበልሽ፣ እዚያ ጠባብ ነገር ውስጥ ብቻዬን መግባት አልችልም። ሊፍት ውስጥ የሆንኩትን አይተሻል። ጠይቄያለሁ፣ ሰውነቱ ላይ ብረት የሌለበት ሰው ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ መቀመጥ ይችላል ብለውኛል። እግሬን ብትይዢልኝ ይበቃኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጆሮ ጌጥሽንም የፀጉር መያዣሽንም ቤት ተያቸው። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ብትደውልልሽ አደራ አፍሽን ያዢ። ካልቻልሽም ቁርጡን ንገሪኝ እንጂ ዝም አትበይኝ፤ ይህን የመናገር አፍ እንደሌለኝ ባውቅም።

ያንቺው ጠፊ